ሠርገኛው ሳይደርስ፦ የሙሽሮች ጠዋት ዝግጅትና ፎቶው በአቃቂ ቃሊቲ

የሠርግ ጠዋት በሁለት ቤት የሚሠራ አንድ ሥራ ነው። በሙሽሪት ቤት ፀጉር ይሠራል፣ ቬሎ ይለበሳል፣ የምሳው ድግስ ይሰናዳል። በሙሽራው ቤት ሚዜዎች ይሰበሰባሉ፣ ሱፍ ይተኮሳል፣ መኪናው በአበባና በሪባን ያጌጣል። ሁለቱ ቤቶች የሚገናኙት ሙሽራው ሠርገኛውን አስከትሎ ከሙሽሪት ደጃፍ ሲደርስ ነው። አዳራሽ፣ ዲኮርና የምግብ ዝርዝር ከወራት በፊት ያልቃሉ፤ ከንጋት እስከዚያች ደቂቃ ያለው ጊዜ ግን በአብዛኛው ሠርግ ለዕለቱ ይተዋል። ቀኑን ሙሉ የሚከተለው መዘግየትም፣ የፎቶው መበላሸትም የሚጀምሩት እዚሁ ላይ ነው።

አቃቂ ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳር፣ በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ክፍለ ከተማ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አቃቂ ከከተማዋ በፊት የምትገኝ ጣቢያ ነበረች። በኋላም የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ፋብሪካዎች ተተከሉባት፤ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛም ሰፈረባት። በአንድ ቅዳሜ የኦሮምኛ፣ የአማርኛና የጉራግኛ ዘፈን የሚሰማባቸው ድንኳኖች በአንድ ሠፈር ቢተከሉ እንግዳ ነገር አይደለም። ቤቱም እንደዚያው ይለያያል፤ ሙሽሪት ከጭቃ ቤት፣ ከቪላ ወይም ሊፍት ከሌለው የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ልትወጣ ትችላለች።

ለጠዋቱ ዕቅድ ዋናው የአካባቢው ጠባይ ግን መንገዱ ነው። ወደ ወደብ የሚወርደውና ከወደብ የሚመለሰው ከባድ መኪና በዚሁ ያልፋል፤ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድም ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደው ቀላል ባቡር ሐዲድ የአስፋልቱን መሐል ስለያዘ መኪና በፈለገበት አይታጠፍም፤ መዞሪያ ያመለጠው አጀብ ረጅም መንገድ ሄዶ ይመለሳል። ስለዚህ ሙሽሪት ለፀጉርና ለሜካፕ ቦሌ ወይም ፒያሳ ደርሳ ከምትመለስ ባለሙያዋን ቤት ድረስ ማስመጣት ይሻላል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ የሚገዛው ግን ጊዜ ነው፣ በዚያ ቀን ደግሞ ከጊዜ የሚወደድ ነገር የለም።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በጾም ስለማይድሩ ሠርጉ በሁለት ወቅት ይከማቻል። አንደኛው ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ ነው። ጥር 12 የሚውለው ቃና ዘገሊላ ጌታ በሠርግ ቤት ተገኝቶ ውኃውን ወይን ያደረገበት መታሰቢያ በመሆኑ የሠርጉ ወራት በእርሱ የተከፈተ ይመስላል። ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ያለው ሚያዝያና ግንቦት ነው። በእነዚህ ሳምንታት ጥሩ የተባለ ፎቶ አንሺና ሜካፕ ሠሪ በአንድ ቀን ሁለት ቤት ሊቀጠር ስለሚችል፣ የጠዋቱ ሰዓት በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

በተክሊል ወይም በቁርባን የሚጋቡ ሙሽሮች ጠዋት ከሌሎቹ ፈጽሞ ይለያል። ሥርዓቱ ከቅዳሴ ጋር ስለሚፈጸም ዝግጅቱ ሌሊት ይጀመራል፤ ሙሽሮቹ የሚቆርቡ በመሆናቸው እህል ውኃ አይቀምሱም፣ ሙሽሪትም ከንፈሯን አትቀባም። ፎቶ አንሺው የት መቆም እንደሚችልና ፍላሽ መጠቀም መፈቀዱ ከካህናቱ ጋር ቀድሞ የሚነጋገርበት እንጂ በዕለቱ በር ላይ የሚከራከርበት ጉዳይ አይደለም። በሙስሊም ቤተሰብ የሴቶቹ ወገን ለብቻው የሚሰናዳ ከሆነ ሴት ፎቶ አንሺ መያዝ ያስፈልጋል፤ ኒካሁም አስቀድሞ ታስሮ ሊሆን ስለሚችል የዕለቱ ቅደም ተከተል ከቤተሰቡ ይጠየቃል።

የጠዋቱ ሰዓት የሚሰላው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው። ሙሽራው ከሙሽሪት በር የሚደርሰው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው እንበል። ሙሽሪት ለብሳ ጨርሳ መታየት ያለባት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ የቀረው አንድ ሰዓት የወላጆች ምርቃት፣ የቤተሰብ ፎቶና ትንሽ ዕረፍት ነው። ከኋላው በክር የሚታሰር ወይም ብዙ ቁልፍ ያለው ቬሎ ለመልበስ እስከ 40 ደቂቃ ሊፈጅ ስለሚችል 2 ሰዓት ከ45 ላይ መጀመር አለበት። ለሙሽሪት ፀጉርና ሜካፕ 3 ሰዓት ቢያዝ እርሷ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ45 ላይ ነው። አራት ሴት ሚዜዎች ካሏት፣ ለእያንዳንዷ 45 ደቂቃ ቢሰጥና ሁለት ባለሙያዎች ቢሠሩ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ይጨመራል። ሥራው የሚጀመረው እንግዲህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ ነው። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ያላሰፈረ ቤት 12 ሰዓት ላይ ጀምሮ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ለመጨረስ ይሞክራል፤ አይችልም።

በዚህ ስሌት እንደተያዘው፣ ብዙ ጊዜ ሙሽሪት መጨረሻ ላይ ትሠራለች፣ «እንዳይበላሽባት» በሚል። ይህ ልማድ ቢቀር ይሻላል። ከእርሷ በፊት የባከነው ደቂቃ ሁሉ ተጠራቅሞ የሚያርፈው በእርሷ ላይ ነውና። ከመጨረሻዋ ሚዜ በፊት ብትሠራ የሚዘገየው የሚዜዋ ሜካፕ ይሆናል፤ ሙሽሪትም ቁርስ ለመቅመስና ከእናቷ ጋር ለመቀመጥ ፋታ ታገኛለች። መብራት እንዳይጠፋ ማንም ዋስትና ስለማይሰጥ ካስክና የፀጉር መተኮሻ የሚጠይቀው ሥራ ይቀድማል፤ በባትሪ የሚሠራ መብራትም ከሠፈር ሱቅ ቀድሞ ይገዛል።

ሌላው ስሌት የብርሃን ነው። በጥር አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ሲሆን በሚያዝያና በግንቦት ግማሽ ሰዓት ያህል ትቀድማለች። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በጥር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ አዘንብላ ትውላለች። በዚህ ወር ወደ ሰሜን የተከፈተ መስኮት ቀኑን ሙሉ ቀጥተኛ ፀሐይ የማይገባበት፣ ለፊት የሚስማማ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል። በሚያዝያ መጀመሪያ ግን ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በጥቂቱ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ከፋሲካ በኋላ በሚደረግ ሠርግ ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ግቢ ውስጥ የሚነሣ ሰው ዓይኑ ሥር ጥቁር ጥላ ይወድቃል። እንዲህ ሲሆን የቤተሰቡ ፎቶ በድንኳኑ ሥር ወይም በበረንዳው ጥላ ውስጥ መነሣት አለበት።

ስለዚህ ፎቶ አንሺው ከሠርጉ በፊት አንድ ቀን፣ በዚያው የጠዋት ሰዓት፣ ሁለቱንም ቤት ማየት ይገባዋል። የሚያየው የቤቱን ውበት ሳይሆን መስኮቱን ነው። የትኛው ክፍል ብርሃን እንደሚገባው፣ ቁም ሣጥኑና ሶፋው ወዴት ሊገፋ እንደሚችል፣ ግድግዳው ምን ቀለም እንደተቀባ ይመለከታል። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ግድግዳ ቀለሙን በነጩ ቬሎ ላይ ይጥላል፤ ሙሽሪትን ከግድግዳው አርቆ ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ችግሩን ያቃልላል። ከመስኮት ብርሃን ጋር ቢጫ አምፖል ከበራ ደግሞ የፊቷ ግማሽ ሰማያዊ፣ ግማሽ ቢጫ ይሆናል። አምፖሉን ማጥፋት ነው መፍትሔው። ጨለማ በሆነ ክፍል ፍላሹ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኮርኒስ ይዞራል። በቆዩ ቤቶች የሚታየው የአቡጀዲ ኮርኒስ ሳይጠቁርና ሳይቀባ ከቆየ ለዚህ እጅግ ምቹ ነው፤ ነጭና ለስላሳ ስለሆነ የተመለሰው ብርሃን ክፍሉን በእኩል ይሞላል።

የፊት ቀለም በብዙ የሠርግ አልበም የሚበላሸው በካሜራው አሠራር ምክንያት ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል፤ ነጭ ቬሎ ክፈፉን ሲሞላው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ፎቶውን ያጨልማል፣ ፊትም ይጠቁራል። ጥቁር ሱፍ በለበሰው ሙሽራ ላይ ተቃራኒው ይደርሳል። ስለዚህ ብርሃኑ መለካት ያለበት ከልብሱ ሳይሆን ከፊት ነው። ፊትን በኮምፒውተር አንጥቶ ማስረከብ ለዚህ ስሕተት መፍትሔ አይሆንም፤ ሰውየውን ሌላ ሰው ያደርገዋል፣ ሊቀር የሚገባው ልማድም ነው። ሜካፑም ይፈተሻል። አንዳንድ ዱቄትና ክሬም በዓይን ደህና መስሎ በፍላሽ ፊት ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ሙሽሪት ከወንበሩ ሳትነሣ አንድ ፎቶ በፍላሽ ተነሥቶ ቢታይ ለማስተካከል ጊዜ አለ።

ፎቶ አንሺው እንደደረሰ ቬሎውን፣ ጫማውን፣ ቀለበቱን፣ አበባውንና የጥሪ ካርዱን ያነሣል፤ ይህ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ቬሎው ብዙ ጊዜ በኪራይ የሚመጣ በመሆኑ ከጓዳ ጭስ፣ ከቡናና ከዕጣን ርቆ ንጹሕ አንሶላ ተነጥፎለት ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ ካሜራው ወደ ሰው መዞር አለበት። በጓዳው ጎረቤቶች የወጥ ድስት ያማስላሉ፣ የእድር ሰሃን ይቆጠራል፣ ድንኳን ውስጥ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ አያት ነጠላቸውን አስተካክለው ጥግ ተቀምጠዋል። ይህ ሁሉ በብዙ አልበም ውስጥ የለም። ቀድሞ ለመቅረቱ ምክንያት ነበረው። ፎቶግራፍ በምኒልክ ዘመን እንደ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ባሉ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ሲስፋፋ ሰው የሚነሣው ስቱዲዮ ሄዶ ነበር፤ የቤት ካሜራ ከመጣም በኋላ አንድ ጥቅል ፊልም ከ36 ፎቶ ብዙም ስለማያልፍ ለጓዳ የሚተርፍ አልነበረም። ዛሬ ያ ገደብ የለም። ከነዋሪዎች የቤተሰብ ፎቶ ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ የተወደደው፣ እንዲህ ያለውን የቤት ውስጥ ሕይወት በማሳየቱ ጭምር ነው።

ልብስ በሚለበስበት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የሚኖረው ሰው ቁጥር ይወሰናል፦ ሙሽሪት፣ እናት ወይም ታላቅ እኅት፣ ሁለት ሚዜና ሴት ፎቶ አንሺ። ወንድ ፎቶ አንሺ ከሆነ ቬሎው ሰውነቷን ከሸፈነ በኋላ ተጠርቶ ይገባል፤ የኋላው ክር ሲታሰርና እናት ጌጡን በአንገቷ ሲያደርጉላት ያነሣል። የትኛው ፎቶ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ሊወጣ እንደሚችል ከሙሽሪት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ግዴታ ነው፤ የሚዜዎችም ስልክ ከዚያ ክፍል ውጭ ቢቀመጥ መልካም ነው።

በሙሽራው ቤት ሥራው አጭር ነው፤ ከረባት፣ ሰዓት፣ ጫማና ደረት ላይ የሚሰካ አበባ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ሁለተኛ ፎቶ አንሺ ወደዚያ ሲላክ የሁለቱ ካሜራዎች ሰዓት ከዋዜማው መመሳሰል አለበት፤ አለዚያ ፎቶዎቹ ሲደባለቁ ምርቃቱ ከከረባቱ ቀድሞ ይመጣል። ሙሽራው ከቤት ከመውጣቱ በፊት የወላጆቹን ጉልበት ስሞ ይመረቃል። ይህን ቅጽበት ፎቶ አንሺው ሊያስደግመው አይገባም። የተደገመ ምርቃት ምርቃት አይደለም፤ የአባት ፊትም ሁለተኛ ጊዜ እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ማን ቀድሞ እንደሚመርቅና የት እንደሚቀመጡ ቀድሞ የጠየቀ ሰው በስፍራው ዝቅ ብሎ ይጠብቃል፤ የሚንበረከከውን ሰው ጀርባ ሳይሆን የሁለቱን ፊት የሚያገኝበት ጎን ይመርጣል። በሙሽሪት ቤትም እንዲሁ ነው፤ ከሚዜዎቹ አንዷ መሐረብ ይዛ አጠገቧ ትቆማለች።

አጀቡ ሲቃረብ ከሚዜዎቹ አንዱ ወደ ሙሽሪት ቤት ደውሎ ቱሉ ዲምቱን ወይም ቃሊቲ መናኸሪያን ማለፋቸውን ይናገራል። በሩን ይዘው የሚዘፍኑት የሙሽሪት ወገኖች ከውስጥ፣ የሚለምኑት ሠርገኞች ከውጭ ሲቆሙ አንድ ፎቶ አንሺ ከበሩ ውስጥ፣ ሌላው ከሙሽራው ኋላ ይሆናል። ሙሽራው በመጀመሪያ ሙሽሪትን ሲያያት ፊቱ የሚታየው ከውስጥ ብቻ ነው። ጠባብ በር ላይ ሃያ ሰው በስልክ ለመቅረጽ ሲጋፋ ይህ ፎቶ ይጠፋልና፣ ከቤተሰቡ የሚከበር አንድ ሰው መንገዱን እንዲያስከፍት ከዋዜማው አደራ ይሰጠዋል።

ምሳው ተበልቶ ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ሲገቡ ሁለተኛው ፎቶ አንሺ አጀቡን ወዲያው አይከተልም። በሩ ላይ የቀሩትን እናትና አባት፣ ለመሸኘት የወጡትን ጎረቤቶችና ባዶውን የቬሎ መስቀያ አንሥቶ ይወጣል። የጠዋቱ ሜሞሪ ካርድም ከካሜራው ወጥቶ፣ ሌላ ከገባ በኋላ፣ ከካሜራው ቦርሳ በተለየ ኪስ ይቀመጣል፤ ማታ ሁለት ቦታ ተገልብጦ እስኪረጋገጥ ድረስም አይደመሰስም።