የሮሜዎና የዡሊየት ሞት ተጠያቂው ማን ነው?

«ሮሜዎና ዡሊየት» እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ዊልያም ሼክስፒር የደረሰውና እ.ኤ.አ. በ1597 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመ አሳዛኝ ተውኔት ነው። በኢትዮጵያም ደራሲ ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ መልሰውታል።

ታሪኩ የሚፈጸመው በኢጣሊያ፣ በቬሮና ከተማ ነው። ሞንታግና ካፑሌት የተባሉ ሁለት ታላላቅ ቤተሰቦች መነሻው በማይነገር የቆየ ቂም ይጋደላሉ። የሞንታግ ልጅ ሮሜዎና ገና 14 ዓመት ያልሞላት የካፑሌት ልጅ ዡሊየት ግን በአንድ ግብዣ ላይ ተያይተው ይፋቀራሉ። በማግሥቱም አባ ላውረንስ በተባሉ መነኩሴ አማካይነት በስውር ይጋባሉ። ጥቂት ቀናት ሳያልፉም ሁለቱ በአንድ መቃብር ቤት ውስጥ ሞተው ይገኛሉ። ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው?

ለሼክስፒር መነሻ የሆነውን ግጥም እ.ኤ.አ. በ1562 ያሳተመው አርተር ብሩክ፣ በመቅድሙ ወቀሳውን የጣለው የወላጆቻቸውን ምክር ባልሰሙት ወጣቶች ላይ ነበር። በተውኔቱም ቢሆን ሮሜዎ ከችኮላ ነጻ አይደለም። የወዳጁን የመርኩሺዮን ደም ለመበቀል የዡሊየትን ዘመድ ቲባልትን ገድሎ ከከተማ ይባረራል። በኋላም ዡሊየት ሞተች የሚል ወሬ እንደ ሰማ፣ ከአባ ላውረንስ መልእክት እስኪደርሰው ሳይታገሥ መርዝ ይገዛል።

አባ ላውረንስም ጋብቻውን የፈጸሙት ቤተሰቦቹን ለማስታረቅ አስበው ነው። ሆኖም ለዡሊየት 42 ሰዓት እንደ ሞተ ሰው የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጥተው፣ ሕይወቷን በአንድ ደብዳቤ ላይ ያንጠለጥላሉ። ደብዳቤውን የያዘው መነኩሴ ወረርሽኝ ካለበት ቤት ወጥቷል ተብሎ በመጠርጠሩ መንገድ ይዘጋበታል። ስለዚህ አንዳንዶች ጥፋቱን በዕድል ያመካኛሉ።

ይሁን እንጂ ደብዳቤ መዘግየቱ ብቻውን ሰው አይገድልም። መዘግየቱ ለሞት ያበቃው ትዳሩ ምስጢር ስለ ነበረ ነው፤ ትዳሩን ምስጢር ያደረገው ደግሞ የሁለቱ ቤተሰቦች ጠብ ነው። ዡሊየት ፓሪስ የተባለውን መኰንን አላገባም ባለች ጊዜ አባቷ ከቤት እንደሚያባርራት ይዝትባታል፤ እናቷ ፊቷን ታዞርባታለች፤ ምስጢሯን የምታውቀው ሞግዚቷ እንኳ ሮሜዎን ትታ ፓሪስን እንድታገባ ትመክራታለች። እውነቱን ተናግራ የምትጠለልበት ቤት ስላልነበራት መድኃኒቱን ጠጣች። ከእንቅልፏ ስትነቃም ባሏን ከአጠገቧ ሞቶ ታገኘዋለች። አባ ላውረንስ የዘበኞች ድምፅ ሲሰሙ ትተዋት ይሸሻሉ፤ እርሷም በባሏ ጩቤ ራሷን ትገድላለች።

በመጨረሻ የከተማይቱ ገዥ መስፍን ሁለቱን አባቶች ከወቀሰ በኋላ ራሱንም ነጻ አያደርግም። ጠቡን እያየ ችላ በማለቱ እርሱም ሁለት ዘመዶቹን፣ መርኩሺዮንና ፓሪስን፣ አጥቷል። አባቶቹም እጅ ለእጅ ተጨባብጠው፣ አንዱ ለሌላው ልጅ የወርቅ ሐውልት ሊያሠራ ቃል ይገባል። ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

እንግዲህ የወጣቶቹ ችኮላ፣ የመነኩሴው ያልጠና ዘዴና የደብዳቤው መዘግየት እያንዳንዳቸው ለሞቱ አስተዋጽኦ አድርገዋል። ነገር ግን ችኮላ በምክር ይታረማል፤ የዘገየ ደብዳቤም በሌላ መልእክት ይተካል። ለመታረሚያ የሚሆነውን ጊዜና ለእውነት የሚሆነውን ስፍራ ያሳጣቸው የወላጆቻቸው ቂም ነውና ከሁሉ የከበደው ተጠያቂነት በእነርሱ ላይ ይወድቃል።