ልጆችን ይዞ ወደ ሳነቴ

ባለ ሁለት ዲፍረንሻል መኪና ያላቸው ወዳጆቼ ቤተሰብ ይዞ ባሌ ስለመውጣት ሲጠይቁኝ፣ ከጎማና ከነዳጅ አስቀድሜ የማነሳው የልጆቹን ትንፋሽ ነው። የሳነቴ አምባ ከባህር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባህር ወለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በእግር የሚወጣ ሰው ቀስ በቀስ ይለምደዋል፤ መኪና ግን ከጎባ ተነስቶ በአንድ ጠዋት ያደርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎባ ወይም ዲንሾ እደሩ። የኮረኮንቹን ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ የጋለ ፍሬን አይታመንም። ሕፃን ራሴን አመመኝ ማለት አይችልም። ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስመለሰው ወይም ከወትሮው በላይ ከተነጫነጨ፣ የመንገድ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት። ቀይ ቀበሮ ሳታዩ ብትቀሩም ወዲያው ተመለሱ፤ ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው።