በግዳጅ ላይ ያለ ተማሪና ሞጁሉ

የርቀት ትምህርት መምህሩና ተማሪው በአንድ ክፍል ሳይገናኙ፣ ራሱን ችሎ እንዲነበብ በተዘጋጀ ጽሑፍ፣ ታርሞ በሚመለስ የቤት ሥራና በተወሰነ ቀን በሚሰጥ ፈተና የሚካሄድ ትምህርት ነው። ስሙ ከመደበኛው፣ ከማታውና ከቅዳሜና እሑዱ በኋላ በመጨረሻ የሚጠራ፣ ብዙ ሰውም ሌላው ሁሉ ሳይሆን ሲቀር የሚያዝ አድርጎ የሚቆጥረው ቢሆንም፣ ኮሌጅ ጀምሮ ሳይጨርስ ከአገር ውጭ ለግዳጅ ለታዘዘ ወታደር፣ ማለትም የተሰጠውን ተልእኮ በሌላ አገር ምድር እንዲፈጽም ለተመደበ የሠራዊት አባል፣ ትምህርቱን ሳያቋርጥ የሚቀጥልበት መንገድ ከሞላ ጎደል ይኸው ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ በዘመናዊ ታሪኳ ጦሯን መጀመሪያ ባሕር አሻግራ ስትልክ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊነሳ አይችልም ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የዘመተውም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ስለሆነ፣ ዘማቹ አቋርጦት ሊሄድ የሚችለው ኮሌጅ ገና በጣት የሚቆጠሩ ወራት ዕድሜ ብቻ ነበረው። ቃኘው የተመደበበት የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ባልደረቦች ግን እ.ኤ.አ. በ1942 በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ ከተቋቋመው የጦር ኃይሎች የትምህርት ተቋም ትምህርት በፖስታ እየተላከላቸው መማር ይችሉ ነበር፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ መምህራኑን ወደ ጀርመን ልኮ በዚያ የሰፈሩትን ወታደሮች ማስተማር ጀምሯል። ወታደርን በሰፈረበት የማስተማር ሁለቱ መንገዶች፣ መምህሩን መላክና ወረቀቱን መላክ፣ ያን ጊዜ ተለይተው የታወቁ ሲሆን፣ መምህር መላክ ሀብት የሚጠይቅ በመሆኑ ለአብዛኛው ዓለም የቀረው ሁለተኛው ነው።

ከኮሪያ በኋላ የኢትዮጵያ ጦር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በኮንጎ፣ ቆይቶም በሩዋንዳ፣ በላይቤሪያና በዳርፉር፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለዓመታት በአብዬ የተባበሩት መንግሥታትን ሰላም የማስከበር ሥራ ሲሠራ፣ በየጊዜው የሚተካካው ኃይል በግዳጁ ላይ የሚቆየው ባብዛኛው አንድ ዓመት ያህል ነው። አንድ ዓመት ማለት ለኮሌጅ ተማሪ ሁለት ሴሚስተር፣ ማለትም ሁለት የትምህርት መንፈቅ ማለት ነው፤ ሁለት መንፈቅ ያለፈው ተማሪ አብረውት የጀመሩት ቀድመውት ስለሚሄዱ፣ አንዳንዱም ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጥ፣ የሚያጣው ከአንድ ዓመት በላይ ይሆናል። ከትግል ሜዳ በኋላ በርቀት የመማር ታዋቂ ምሳሌ ሆነው የሚጠቀሱት የሕክምና ትምህርታቸውን በ1960ዎቹ አቋርጠው በረሃ የወጡት መለስ ዜናዊ ሲሆኑ፣ እርሳቸውም የመንግሥት ሥልጣን ይዘው ሳለ እ.ኤ.አ. በ1995 ከብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው በቢዝነስ አስተዳደር የማስተርስ ዲግሪ አግኝተዋል።

የዚህ ትምህርት ዋና መሣሪያ ሞጁል የሚባለው ጥራዝ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ በተሳሳተ መንገድ የሚያዘውም እርሱ ነው። ብዙ ተማሪ ሞጁልን ያጠረ የመማሪያ መጽሐፍ አድርጎ ስለሚወስደው ለፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ሊያልፍ ይሞክራል፤ ይህም አልሆን ሲለው ጥፋቱን በርቀት ትምህርት ላይ ይጥላል። የመማሪያ መጽሐፍ የሚጻፈው የሚያብራራው መምህር አለ ተብሎ ነው፤ ሞጁል ግን መምህሩ ራሱ በጽሑፍ ተለውጦ የገባበት ነው። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ሞጁል በየምዕራፉ መጀመሪያ ተማሪው ሲጨርስ ምን ማድረግ እንደሚችል ይነግረዋል፤ ትምህርቱን በአንድ ቁጭታ ሊያልቅ በሚችል አጭር ክፍል ከፋፍሎ ያቀርባል፤ በመሐል ጥያቄ ጠይቆ ለመልሱ ባዶ መስመር ይተዋል፤ በመጨረሻም መልሱን ከጥራዙ ጀርባ ያስቀምጣል። ስዊድናዊው የርቀት ትምህርት ሊቅ ቦርየ ሆልምበርግ እንዲህ ያለውን አጻጻፍ ከተማሪው ጋር እንደሚደረግ የተመራ ውይይት ቆጥረውታል፤ ሌላው የዘርፉ ሊቅ ማይክል ሙርም በመምህርና በተማሪ መካከል ያለውን ርቀት የሚወስነው የቦታው ርዝመት ሳይሆን የሚኖራቸው ምልልስ መጠንና የትምህርቱ አወቃቀር መሆኑን አስረድተዋል። በዚህ መሠረት መቶ ሃምሳ ሰው በታጨቀበት አዳራሽ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድም ቀን ጥያቄ ጠይቆ የማያውቅ ተማሪ፣ በግዳጅ ካምፕ ውስጥ መልሱን በባዶው መስመር ላይ ጽፎ ከጀርባው መልስ ጋር ከሚያስተያየው ወታደር ይልቅ ከመምህሩ የራቀ ነው።

ክፍሎቹ ለምን አጭር እንደሆኑ የሚያስተውል ጥቂት ነው። አጭር የሆኑት ጊዜው የራሱ ላልሆነ፣ በማንኛውም ሰዓት ሊጠራ ለሚችል ሰው ታስበው ነው። ዘብ ሊወጣ አርባ ደቂቃ የቀረው ወታደር አንድ ክፍል አንብቦ፣ መልመጃውን ሠርቶ፣ የቆመበትን ገጽ አጥፎ መነሳት ይችላል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሲመለስም ከየት እንደሚቀጥል ያውቃል። በአዲስ ከተማ መርካቶ ከባንኮኒ ኋላ ሆኖ የሚማረውም እንዲሁ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ ከተዛወረ ጀምሮ ንግድ ያልተለየው ይህ ሰፈር፣ ከሸማ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ፣ ደንበኛ መጣ አልመጣ እያለ ቀኑን ቆሞ የሚውል ወጣት የሞላበት ነው፤ ሲተልቅም ዕቃ ሊያመጣ ወደ ዱባይና ወደ ጓንጆ የሚመላለሰው ነጋዴ ከወታደሩ ጋር ችግሩ አንድ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የማታ ትምህርት ቤት እንኳ አይመችም፤ የማታው ክፍል በተወሰነ ሰዓት በተወሰነ ወንበር ላይ መገኘትን ይጠይቃልና።

ስለዚህ የሞጁሉን መልስ ከጀርባ ገልጦ በባዶው መስመር ላይ የሚገለብጥ ተማሪ መምህሩን ከክፍል እንዳስወጣው ሊያውቅ ይገባል። ለፈተና ይወጣል የተባለውን ምዕራፍ ብቻ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ የቀረውን የሚተወው፣ አሳይመንቱንም፣ ማለትም ታርሞ የሚመለሰውን የቤት ሥራ፣ ገንዘብ ከፍሎ በሌላ ሰው የሚያሠራው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የርቀት ተማሪ የመምህሩን የእጅ ጽሑፍ የሚያየው፣ ስህተቱም የት ላይ እንደሆነ ተለይቶ የሚነገረው በዚያች ወረቀት ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ወቀሳው ግን ለተማሪው ብቻ የሚቀር አይደለም። ከውጭ መጽሐፍ ምዕራፍ ቆርጦ፣ መልመጃም መልስም ሳይጨምርበት፣ ሞጁል የሚል ሽፋን አልብሶ የሚያትም ተቋም ለተማሪው የሸጠለት ወረቀት ብቻ ነው፤ አሳይመንት ሰብስቦ ነጥብ ብቻ ጽፎ የሚመልስ አራሚም ሥራውን ሠርቷል ሊባል አይችልም።

ትምህርት ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. ክረምት ላይ የጥራት ጉድለት ምክንያት አድርጎ የርቀት ትምህርትን በአገር አቀፍ ደረጃ ማገዱ፣ በኋላም እንደገና እንዲሰጥ መፈቀዱ ይታወቃል። ጉድለቱ እውነት ነበረ፤ ሆኖም ጥፋቱ በአሠራሩ ላይ ሆኖ ሳለ በዘዴው ላይ መፈረዱ ግራ የሚያጋባ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የተጀመረው የመውጫ ፈተና ይልቅ የተሻለ ዳኛ ነው፤ ተፈታኙ በምን መንገድ እንደተማረ ሳይሆን ምን እንደሚያውቅ ይጠይቃልና።

ለግዳጅ የሚሄድ ተማሪ ከሁሉ በፊት ሊያደርገው የሚገባ፣ ነገር ግን በየጊዜው የሚዘነጋ ነገር የሪጅስትራር ጉዳይ ነው። ሪጅስትራር የተማሪውን ምዝገባና ውጤት የሚይዘው ቢሮ ሲሆን፣ በመደበኛ ወይም በማታ የተመዘገበ ተማሪ የዊዝድሮዋል ፎርም፣ ማለትም ትምህርቱን በፈቃድ ማቋረጡን የሚገልጸውን ቅጽ፣ ሳይሞላ ከሄደ የጀመራቸው ኮርሶች ሁሉ የወደቀባቸው ሆነው ይመዘገባሉ። የጦር ክፍሉ በድንገት ሊታዘዝ ስለሚችል፣ ቅጹን አስቀድሞ መሙላትና የጦር ክፍሉን ደብዳቤ ማያያዝ፣ የተመለሰውንም ኮፒ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል፤ በርቀት የሚማረው ደግሞ የሁለቱን መንፈቅ ሞጁል ከመነሳቱ በፊት ተቀብሎ መሄድ አለበት። በኢንተርኔት ይደርሰኛል ብሎ መተማመን አይገባም፤ የተባበሩት መንግሥታት ለሰላም አስከባሪ ክፍሎች በሚከፍልባቸው አገልግሎቶች ዝርዝር ውስጥ ኢንተርኔት የሚገኝ ቢሆንም፣ በአንድ መስመር የሚጠቀመው ሰው ብዙ ሲሆን ሁሉም መጀመሪያ የሚያገኘው ቤተሰቡን ነው፤ ይህም ትክክል ነው።

ሳይፈታ የቀረው ቋጠሮ ፈተናው ነው። ቲቶሪያል የሚባለው የማጠናከሪያ ትምህርትም ሆነ ፈተናው ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ይሰጣል፤ ቅዳሜ ደግሞ መርካቶ ከሁሉ ቀን ይልቅ የሚደምቅበት ስለሆነ የሱቁ ተማሪ አንዱን ለመተው ይገደዳል፣ ወታደሩም ጭራሽ ሊደርስበት አይችልም። ለነጋዴው ፈተናውን ሁሉ ወደ እሑድ ማዞር ይበቃል። ለወታደሩ የሚሆነው ግን ፈተናውን ወደሰፈረበት የሚያደርስ አሠራር ነው፤ ይኸውም ፈተናው በታሸገ ፖስታ ለክፍሉ አዛዥ ይላካል፣ ኃላፊነት የተሰጠው መኮንን እሽጉን በተፈታኞቹ ፊት ይከፍታል፣ የመልስ ወረቀቱም በዚያው ሰዓት ታሽጎ ይመለሳል። ሻለቃው በየጊዜው ወደ አገር ቤት ሪፖርት ይልካልና፣ ያ ፖስታ አብሮ የሚሄድበት መንገድ ዛሬም አለ።