ከወንዝ ዳር ያለው የመስታወት ቤትና የፊዚክስ ሕግጋት

በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ፕላኖ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ በፎክስ ወንዝ ዳር በዛፎች መካከል አንድ ነጭ ቤት ቆሟል። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። ቤቱን ያሠሩት የቺካጎዋ የኩላሊት ሐኪም ዶክተር ኢዲት ፋርንስወርዝ ሲሆኑ፣ ንድፉን ያወጡት ትውልደ ጀርመናዊው አርክቴክት ሚስ ቫን ደር ሮኸ ናቸው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1951 ተጠናቀቀ። ሐኪሟ ከከተማ ግርግር ርቀው፣ ሣሩንና ወንዙን እያዩ የሚያርፉበት ቤት እንዲሆን ታስቦ ነበር። ፎቶግራፉን አይቶ ያልወደደው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ይሁን እንጂ ለዓይን ከአካባቢው ጋር የተስማማ ቤት ለውኃውና ለሙቀቱም ተስማምቷል ማለት አይደለም።

ቦታው ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት ሜዳ ነው። አርክቴክቱ ይህን ስለሚያውቁ ቤቱን በስምንት የብረት ዓምዶች አንጠልጥለው ወለሉን ከመሬት 1.6 ሜትር ያህል ከፍ አደረጉት። ነገር ግን በ1954፣ ገና በሦስተኛው ዓመት፣ ውኃው ወለሉን አልፎ ገባ። በሐምሌ 1996 ደግሞ ከቤቱ በላይ በወንዙ ዳር ባለችው በኦሮራ ከተማ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ400 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ጣለ፤ ጎርፉ መስታወት ሰብሮ ገባ፣ የቤት ዕቃም ጠርጎ ወሰደ። በ2008ም ቤቱ እንደገና ተጥለቀለቀ። ያለፈው ጎርፍ መጪውን ሊያመለክት የሚችለው ተፋሰሱ ሳይለወጥ ከቆየ ብቻ ነው። የቺካጎ ዙሪያ መንደሮች እየሰፉ አፈሩ በአስፋልትና በሲሚንቶ ሲሸፈን፣ ቀድሞ ወደ መሬት ይሰርግ የነበረው ዝናብ ፈጥኖ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

መስታወቱ ስለምን ተሰበረ? ቀላል ስሌት እንሥራ። ውኃው ገና ወደ ቤቱ ሳይገባ በውጭ በኩል ከመስታወቱ ግርጌ 1 ሜትር ከፍ አለ እንበል። ግፊቱ በውኃው ገጽ ላይ ዜሮ፣ ከታች 9,800 ፓስካል ያህል ነው፤ አማካዩም 4,900 ፓስካል ይሆናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ የ1 ሜትር ስፋት ላይ 4,900 ኒውተን፣ ማለትም የ500 ኪሎግራም ዕቃ ክብደት የሚያህል ኃይል ያርፋል። ኃይሉ በጥልቀቱ ካሬ ስለሚያድግ ውኃው 1.5 ሜትር ሲደርስ ከእጥፍ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ለቆመ ውኃ ነው፤ የሚፈሰው ውኃና የተሸከመው ግንድ የሚጨምሩትን አልቆጠርንም።

ፀሐይም ሌላ ጣጣ ነበረች። መስታወት የፀሐይን ብርሃን ያስገባል፤ የሞቀው አየር እንዳይወጣ ግን ያግዳል። ቤቱ ከበሩ ሌላ የሚከፈቱለት ሁለት ትናንሽ መስኮቶች ብቻ ስለሆኑ በሞቃቱ ወራት ውስጡ ይታፈን ነበር። በብርዱ ወራት ደግሞ ነጠላው መስታወት እጅግ ስለሚቀዘቅዝ የቤቱ እርጥበት በላዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድ ነበር። በስተ ደቡብ የቆመ ትልቅ ዛፍ በሞቃቱ ወራት ጥላ ይሰጥ፣ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ፀሐይን ያስገባ ነበር። (ይህን ዘዴ እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት ግን አይቻልም፤ በሰኔ ወር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በእኛ ሰማይ በስተ ሰሜን በኩል ናትና።)

ከ2008ቱ ጎርፍ በኋላ ቤቱን ጎርፍ በመጣ ቁጥር በሃይድሮሊክ ጃክ የማንሳት፣ ወይም ወደ ከፍተኛ ቦታ የማዛወር ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እኔ ብጠየቅ ጃኩን እመርጣለሁ፤ ኮረብታ ላይ የወጣው ቤት ከጎርፍ ቢድንም የተሠራለትን ወንዝ ያጣልና።