ፈንዲሻ ለምን ይጮኻል?

ድስቱ ተከድኖ ምድጃው ላይ ተጥዷል። መጀመሪያ ዝም ይላል። ቀጥሎ አንድ «ጧ!»፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለት፣ ከዚያ ክዳኑ እስኪንቀጠቀጥ ይንጣጣል። አጠገቡ የቆመው ልጅ «ለምንድን ነው የሚጮኸው?» ይላል። «ስለሚፈነዳ ነዋ! ስሙስ ፈንዲሻ አይደል?» ይባላል፤ ወሬው እዚያው ያልቃል።

አማርኛ እንዲህ ያለ ወጥመድ አያጣም። «ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅም ጥያቄው መልሱን ይዞ የመጣ ይመስላል።

አሜሪካ ውስጥ የዚህ ዓይነቱን ጥያቄ ሥራዬ ብለው የያዙ የልጆች ፖድካስቶች አሉ። ከቨርሞንት የሕዝብ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው «በት ዋይ» አንዱ ነው። ልጁ ስሙን፣ ዕድሜውንና የሚኖርበትን ቦታ ተናግሮ ይጠይቃል፤ ወላጅ በስልክ ቀድቶ ይልካል። አዘጋጇ ጄን ሊንድሆልም ጥያቄውን ይዛ ወደሚያውቅ ሰው ትሄዳለች። የሚሰማው የልጁ የራሱ ድምፅ ነው፣ ከነመኮላተፉ።

ከሚኒሶታ የተነሣው የሞሊ ብሉም «ብሬይንስ ኦን» ደግሞ በየዝግጅቱ አንድ ልጅ አብሮ አቅራቢ ያደርጋል። ከሁሉ የሚጥመው ክፍሉ ምስጢራዊው ድምፅ ነው፤ አንድ ድምፅ ያሰሙና ምን እንደሆነ ያስገምታሉ። ቃል የሌለው እንቆቅልሽ ማለት ነው፤ «አገር ስጠኝ» የሚል ብቻ ነው የጎደለው። አንዳንዶቹ የፖድካስት አዘጋጆች ፉጨትና ሳቅ ሲያበዙ መልሱን ያፍኑታል እንጂ፣ ምስል አለመኖሩ ልጁን በጆሮው እንዲመራመር ያስገድደዋል።

ፈንዲሻም የጆሮ ጉዳይ ነው። በበቆሎው ፍሬ ውስጥ ጥቂት ውሃ አለ። ሲግል እንፋሎት ይሆናል፤ ጠንካራው ቅርፊት ግን አያስወጣውም። ኢማኑኤል ቪሮና አሌክሳንድር ፖኖማሬንኮ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ፍሬዎቹን ምድጃ ውስጥ እያሞቁ ሲቆጥሩ፣ በ170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የፈኩት 34 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ180 ዲግሪ 96 ከመቶው ፈኩ። ቅርፊቱ አልችል የሚለው እዚያ ላይ ነው።

ታዲያ «ጧ» የሚለው ምኑ ነው? ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ? ፍሬው ዘሎ ድስቱን ሲመታ? ሁለቱ ሰዎች ፈጣን ካሜራና ማይክሮፎን ጎን ለጎን አድርገው ቀረጹት። ድምፁ ከስንጥቁም ከዝላዩም ጋር አልገጠመም። የታፈነው እንፋሎት ድንገት ሲያመልጥ ፍሬው ውስጥ ያሉት ክፍተቶች እንዲጮኹ ያደርጋቸዋል ሲሉ ደመደሙ፤ ባዶ ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፋ እንደሚያስተጋባው ማለት ነው። ዝላዩ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው፤ ከስንጥቁ የሚወጣው ነጭ ስታርች እንደ እግር ሆኖ መሬቱን ይገፋና ፍሬውን ያስፈነጥረዋል። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሰው ከጥንት ጀምሮ በቆሎ ሲያፈነዳ ኖሮ፣ የልጁ ጥያቄ እንዲህ በካሜራና በማይክሮፎን የተመረመረው ገና ትናንት መሆኑ ነው።

የሰማዩም መልስ ቢሆን ከስሙ ውስጥ አይገኝም። የፀሐይ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ አጭር ሞገድ ያለው ሰማያዊው ከቀዩ ይበልጥ ይበታተናል፤ በየአቅጣጫው ወደ ዓይን የሚመጣውም እሱ ነው። ይህን ያለ ሥዕል ለስድስት ዓመት ልጅ ማስረዳት ግን ጎበዝ አቅራቢንም ላብ በላብ ያደርጋል።

ድስቱ ሲወርድ ከታች የሚቀሩ ጥቂት ፍሬዎች አሉ፤ ልጁ አንዱን አንስቶ «ይሄስ ለምን አልጮኸም?» ይላል። ምናልባት ቅርፊቱ ቀድሞ ተጭሮ እንፋሎቱ ቀስ ብሎ አምልጦ ይሆናል። ወይም ውሃው ደርቆ። ልጁ ፍሬውን ጆሮው ላይ አስጠግቶ ያዳምጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ የገብስ ቆሎው ነው፦ «እሱስ ለምን እንደ ፈንዲሻ አያብብም?»