ባዶ ጠርሙስ ገንዘብ ነው

ባዶ ጠርሙስ ለጠጪው የመጠጡ መጨረሻ ነው፤ ለነጋዴው ግን ገንዘብ ነው። ለስላሳና ቢራ ከአከፋፋይ የሚወስድ ነጋዴ ከመጠጡ ዋጋ ሌላ ለጠርሙሱና ለሳጥኑ መያዣ ይከፍላል፤ ወይም በሙሉው ልክ ባዶውን ያስረክባል። ባለሱቁ «ጠርሙስ ይዘሃል?» ብሎ የሚጠይቀውም ስለዚህ ነው።

መንግሥት ይህን የገበያ ልማድ በሕግ አጽንቶት ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ስለ ጠርሙስና ስለ ቆርቆሮ ጣሳ ራሱን የቻለ አንቀጽ ነበረው፤ ሐሳቡም ዕቃውን የሠራ ወይም ያስመጣ ሰው ባዶው በመያዣ ገንዘብ የሚመለስበትን ሥርዓት ያቁም የሚል ነበር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ሕግ የሕዝቡን ዓይን ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ክልከላ መልሶታል፤ ይሁን እንጂ የጠርሙሱ ነገር ሊዘነጋ አይገባም።

ጠርሙስ ከአሸዋ፥ ከሶዳና ከኖራ ድንጋይ ይሠራል፤ ለማቅለጡም 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ታጥቦ ዳግመኛ የሚሞላው ግን ይህን ሁሉ እሳት አይጠይቅም፤ በደኅና ከተያዘም ከ20 ጊዜ በላይ ያገለግላል። ስባሪውም ተለይቶ ፋብሪካ ከደረሰ ጥራቱ ሳይጓደል እንደገና ይቀልጣል።

ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። በባሌ የሐረና ቡሉቅ ወረዳ ከተማ የሆነችውን አንገቱን እንውሰድ። ከሮቤና ከጎባ ወደዚያ የሚወርድ መኪና 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የሰነቴን አምባ ተሻግሮ በሐረና ደን ውስጥ ያልፋል። ሙሉው ሳጥን በትርፍ ተስፋ ይጓዛል፤ ባዶው ግን የመልስ ጭነት ዋጋ ይጠይቃል። መያዣ የተከፈለበት ጠርሙስ እንዲህ ካለው ሩቅ ቦታም ለመመለስ ምክንያት አለው፤ ካልተመለሰ ነጋዴው ይከስራልና። መያዣ የሌለው የወይን ጠጅና የውስኪ ጠርሙስ ግን ቆራሌ ካላነሣው ወይም ለዘይትና ለማር ማስቀመጫ ካልሆነ በየመንገዱ ዳር ይቀራል። ስባሪው አይበሰብስም፤ የእረኛውን እግርና የከብቱን ኰቴ ይጠብቃል። ይህም የሚሆነው ሕዝቡ ቡናና ማር በሚያገኝበት ደን ዳር፥ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ነው።

እንግዲህ የሚሻለው መያዣውን ለጠርሙስ ሁሉ ማዳረስና የመልሱን ጭነት ወጪ ለፋብሪካው፥ ለአከፋፋዩና ለቸርቻሪው ማካፈል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና የአንገቱ ባለሱቅ ብቻውን ሊሸከመው አይገባም።