በብሪጅ ጨዋታ ሁለተኛውን ቃል ስለ መምረጥ

ብሪጅ የተባለው የካርታ ጨዋታ በብዙ አገር ባልና ሚስት፥ ወንድምና እኅት ከሥራ በኋላ አንድ ገበታ ከበው የሚጫወቱት ነው። ገንዘብ ሳይያዝበት ሲጫወቱት አእምሮን ያሠለጥናል፤ ትዕግሥትንም ያስተምራል። ጓደኛውን ለማያምን ሰው ግን የጠብ ምክንያት ይሆናል። በ1929 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ ካንሳስ ሲቲ በተባለው ከተማ፥ ጆን ቤኔት የሚባል የሽቶ ነጋዴ ከሚስቱ ከሜርትል ጋር ሆኖ ሲጫወት ጠርተው የያዙት ውል ሳይሞላላቸው ቀረ። በዚሁ ተነቃቀፉ፤ እርሱ በጥፊ መታት፤ እርስዋም በሽጉጥ ገደለችው። በ1931 ዓ.ም. ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበታት፤ ቤቱ ግን ፈርሶ ቀረ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ያሰብነው በዚህ ጨዋታ ብዙ ወቀሳ የሚወለድበትን ስፍራ ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ ቃሉን የሰጠ ተጫዋች፥ ተጋጣሚዎቹ በመካከል ከገቡበት በኋላ ሁለተኛ ምን ቃል መስጠት እንደሚገባው ነው።

ሥርዐቱ እንዲህ ነው። ከአራቱ ተጫዋቾች ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለት ሁለቱ ጓደኛ ይሆናሉ፤ 52ቱ ካርታ ለእያንዳንዳቸው 13 ሆኖ ይታደላል። ጨዋታው 13 ዙር ነው፤ በየዙሩ ከተጣሉት አራት ካርታዎች የበለጠው ያሸንፋል። ካርታ ከመጣሉ አስቀድሞ ግን ጨረታ አለ። «አንድ ልብ» ያለ ሰው የልብ ካርታ በሌሎቹ ላይ ገዥ ቢሆን ከጓደኛዬ ጋር ሰባት ዙር አሸንፋለሁ ማለቱ ነው፤ «ሁለት» ያለ ስምንት፥ «ሦስት» ያለ ዘጠኝ። በማዕርግ አበባ ዝቅተኛው ነው፤ ዳይመንድና ልብ ይከተሉታል፤ ጦር ከአራቱ ይበልጣል። የካርታው ኀይል ሲቆጠር አስ 4፥ ንጉሥ 3፥ ንግሥት 2፥ ጃክ 1 ነጥብ ነው፤ ጠቅላላው 40 ይሆናል።

እንግዲህ ምሳሌ እናቅርብ። ባል አምስት ልብና 13 ነጥብ ይዞ «አንድ ልብ» አለ። በብዙ ተጫዋቾች ልማድ ይህ ቃል «ቢያንስ አምስት ልብ አለኝ» ማለት ነው። ተጋጣሚው «አንድ ጦር» አለ። ሚስት «ሁለት ልብ» ብላ ባልዋን ደገፈች፤ ይህም «ሦስት ልብ ወይም ከዚያ በላይ አለኝ፤ ኀይሌ ግን ጥቂት ነው» ማለትዋ ነው። ሁለተኛው ተጋጣሚ «ሁለት ጦር» አለ። አሁን ባል ምን ይበል?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና «ሦስት ልብ» ይላል። ነገር ግን አምስቱን ልብ በመጀመሪያው ቃሉ ተናግሮታል። አንድ ምስክር አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ቢመሰክር ሁለት ምስክር እንደማይሆን ሁሉ፥ አንዱም ካርታ ሁለት ጊዜ ቢነገር ሁለት ካርታ አይሆንም። ስለዚህ «አልፋለሁ» ማለት ይገባዋል። ሚስቱ አራተኛ ልብ ይዛ እንደ ሆነ፥ ተራዋ ሲደርስ የእርሱን አምስት ከራስዋ አራት ጋር ደምራ እርስዋው «ሦስት ልብ» ትላለች። ይህ ዝምታ ፍርሀት አይደለም፤ ፍርዱን ቀሪውን ነገር ለሚያውቅ ሰው መተው ነው።

ባል የያዘው ስድስት ልብ ቢሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ስድስተኛውን ሚስቱ አታውቀውም፤ እርሱ ካልተናገረው የሚናገርለት የለም። ስለዚህ ነጥቡ 13 ብቻ ቢሆንም «ሦስት ልብ» ይበል። ዣን ሬኔ ቬርን የተባለ ፈረንሳዊ በ1969 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ ሁለቱ ወገኖች በየሚሻላቸው ዐይነት ቢጫወቱ የሚያሸንፉት ዙር ድምር ከየገዥ ካርታቸው ድምር ጋር እንደሚቀራረብ አስረዳ። አሜሪካዊው ላሪ ኮኸንም በ1992 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ይህን አስፋፋው። ከዚህ የወጣው ምክር ስምንት ገዥ ያለው ወገን እስከ ሁለት፥ ዘጠኝ ያለው እስከ ሦስት ይጥራ የሚል ነው። በውድድር አቆጣጠር ተጋጣሚዎች ሁለት ጦር ቢሞላላቸው 110 ነጥብ ያገኛሉ፤ እኛ ሦስት ልብ ቢሞላልን 140 እናገኛለን፤ አንድ ዙር ብንጐድልም ቅጣቱ ባልከበደበት ጨዋታ የምንከፍለው 50 ብቻ ነው።

ባል 17 ነጥብ ያህል ቢይዝ ደግሞ እንደ «ሦስት ዳይመንድ» ያለ አዲስ ዐይነት ይጥራ፤ ይህም ሚስቱን «አራት ልብ እንደርሳለንን?» ብሎ መጠየቁ ነው። እንግዲህ ዝምታው «ከተናገርሁት በላይ የለኝም»፥ ሦስት ልብ «ልቤ ረዥም ነው»፥ አዲሱ ዐይነት «ኀይል አለኝ» ይላል።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው፤ በብሪጅም የጓደኛን ዝምታ መመርመር ይገባል። ባል «አንድ ልብ»፥ ተጋጣሚ «አንድ ጦር» ካሉ በኋላ ሚስት «እጥፍ» ብትል፥ በቀድሞ ልማድ «ውላቸው አይሞላም፤ ቅጣታቸው ይብዛ» ማለት ነበር። በ1957 ዓ.ም. አልቪን ሮት የተባለ አሜሪካዊ ይህን ለወጠና ቃሉ «ያልተጠሩትን ዐይነቶች ይዣለሁ» ማለት ሆነ። ሩሲያ ስፑትኒክ የተባለችውን ሰው ሠራሽ ጨረቃ የላከችበት ዓመት ስለ ነበረ ብልኀቱም «ስፑትኒክ» ተባለ። በዚህ ልማድ ብዙ ጦር የያዘች ሚስት ልትቀጣቸው ብትወድ ዝም ብላ ማለፍ አለባት። ሁለተኛውም ተጋጣሚ ካለፈ፥ ጥቂት ጦር ብቻ ያለው ባል ዝምታዋን ወዲያው እንደ ድካም ሳይቆጥር «እጥፍ» ይበል፤ እርስዋ ብትወድ ታጸናዋለች፥ ባትወድ ሌላ ትጠራለች። እርሱ ራሱ ብዙ ጦር ቢይዝ ግን እርስዋ ጦር እንዳልያዘች ይወቅና ይለፍ።

ከ1931 እስከ 1932 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በተደረገው ታላቅ ግጥሚያ፥ ኢላይ ካልበርትሰንና ሚስቱ ጆሴፊን ከሲድኒ ሌንዝና ከኦስዋልድ ጃኮቢ ጋር ተጫውተው ነበር። ጃኮቢ ከጓደኛው ጋር ባለመስማማቱ ግጥሚያው ሳይፈጸም ተለየ፤ ድሉም የካልበርትሰን ወገን ሆነ።

በፊት ገጽታ ወይም በድምፅ ቃና ለጓደኛ ምልክት መስጠትን የጨዋታው ሕግ ይከለክላል። ስለዚህ በገበታው ላይ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቃላቸው ብቻ ነው። ቃላችንን አንድ ጊዜ በትክክል ሰጥተን የቀረውን ለጓደኛችን ፍርድ ብንተው፥ ውሉ ባይሞላ እንኳ ፍቅራችን አይጐድልም።